ጥያቄው በምን እንደሚጠፋ ነው፦ ስለ ኩዊልት ምልክት ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ለልብስ ስፌት ሠልጣኞች የተዘጋጀ አንድ ጽሑፍ እጅ ለእጅ ሲዞር አየን። የሚያወራው ስለ ኩዊልት ነው፤ ማለትም የላይ ጨርቅ፣ መሃሉ ጥጥ፣ ከሥሩ ገበር ሆኖ ሦስቱ አንድ ላይ ስለሚሰፉበት ሥራ። በተለይም የስፌት መኪናውን ጥርስ፣ ማለትም ጨርቁን ከሥር የሚገፋውን፣ አውርዶ፣ ጨርቁን በሁለት እጅ እየነዱ ሐረግና አበባ ከመስፋት (ነጻ ስፌት ከሚባለው) በፊት ንድፉ በጨርቁ ላይ እንዴት እንደሚሳል ያስረዳል። ጸሐፊዋ የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ጎበዝ ሰፊ ምልክት አያስፈልገውም፤ ካስፈለገውም በካውያ የሚጠፋው እስክሪብቶ ለሁሉም ይበቃል፤ በውሃ የሚጠፋው ሰማያዊ ብዕር በሙቅ ውሃና በኦሞ ይለቃል፤ ጥልፍ ሠሪዎች እንደሚያደርጉት በተራ እስክሪብቶ ወይም በካርቦን ቢሳልም ክሩ ይሸፍነዋል፤ ምልክት ምንጊዜም የሚደረገው ሦስቱ ንብርብር ከተያያዙ በኋላ ነው፤ ጠመኔና ሳሙና ጊዜ ያለፈባቸው ናቸው፤ ከመስመር የወጣ ስፌት ሁሉ መፈታት አለበት።

ጽሑፉ አነባበቡ ግልጽ ነው፤ ሥዕሎቹም ጥሩ ናቸው። ሲነበብ ግን ውሃ ለማይቋረጥበት፣ መብራት ለማይሄድበት ቤት የተጻፈ ይመስላል። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ኮዬ ፈጬ ቤቷ ውስጥ የምትሰፋ ሴት ውሃ የምታገኘው በፈረቃ ሊሆን ይችላል፤ መብራት ሲጠፋ የምታነሳውም የከሰል ካውያ ነው። እሷ መሳያ ከመግዛቷ በፊት ማጥፊያው በእጇ መኖሩን ማረጋገጥ አለባት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚዞረው በዚህች ነገር ዙሪያ ነው።

ጎበዝ ሰፊ ምልክት አያስፈልገውም ስለሚለው

ግማሹን እንቀበላለን። ባዶ ሜዳ ለመሙላት የሚሰፋ ጥምዝምዝ መስመር፣ ጠጠር የመሰለ ትንንሽ ክብ፣ ሽቅብ የሚወጣ ሞገድ ምልክት አይፈልግም። እንዲያውም ቢሰመርለት ሥራው ይበላሻል፤ ሰፊዋ መስመሩን ላለመሳት እጇን ቆም ስታደርግ መርፌው አይቆምምና አንድ ቦታ ላይ ስፌት ይከመራል። በአንድ ቅርጽ ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ ተከታታይ መስመርም እንዲሁ ነው። ለነጻ ስፌት የሚገጠመው ክብ እግር ጠርዙ ከመርፌው በብዙዎቹ ላይ 6 ሚሊሜትር ገደማ ይርቃል፤ የእግሩን ጠርዝ ቀድሞ ከተሰፋው መስመር ጋር እያስታከኩ መሄድ በቂ ነው። የራሳችሁን እግር ግን በማስመሪያ ለኩት።

የማንቀበለው ለሚደጋገምና ለሚመጣጠን ንድፍም ያው ይሠራል መባሉን ነው። የላሊበላ መስቀልን የሚመስል እርስ በርሱ የተጠላለፈ ቅርጽ በ20 ሳንቲሜትር ካሬ ውስጥ ልስፋ ብትሉ፣ አራቱ ክንፎች እኩል ካልሆኑ ዐይን ወዲያውኑ ያገኘዋል። በዓመታት የሠለጠነ እጅም ቢሆን የ3 ሚሊሜትር ልዩነት በየክንፉ ይፈጥራል። እዚህ ላይ ምልክት የችሎታ ማነስ ማሳያ አይደለም፤ ልኬት ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ንድፍ አሠራሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ የላይ ጨርቁ በደንብ ይተኮሳል፤ ከተሳለ በኋላ ካውያ አይነካውምና ይህ መቅደም አለበት። ቁራጩ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት ይታጠፍና እጥፋቱ በጥፍር ይታሻል፤ መሃሉም አራቱም መስመሮችም ይገኛሉ። የንድፉ አንድ ሩብ ብቻ በካርቶን ወይም በአሮጌ የራጅ ፊልም ላይ ተሥሎ ይቆረጣል። የራጅ ፊልም ይሻላል፤ ከሥሩ ያለውን እጥፋት ያሳያል፣ ጠርዙም በእርሳስ ብዛት አይላላም። ያ ሩብ በእጥፋቶቹ ላይ ተገጥሞ አራት ጊዜ እየዞረ ይሳላል። አራቱን በአንድ ወረቀት ሥሎ መገልበጥ የቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን ወረቀቱ መሃል ላይ በ2 ሚሊሜትር ቢንሸራተት ስሕተቱ ወደ አራቱም ክንፍ ይሄዳል።

የዳር ሐረግም ሒሳብ ይጠይቃል። የአልጋ ልብሱ ጎን 200 ሳንቲሜትር፣ የሐረጉ አንድ ቅጠል 16 ሳንቲሜትር ቢሆን 12 ተኩል ቅጠል ይወጣል። ግማሽ ቅጠል ማዕዘን ላይ ቀርቶ ሥራውን ያስነውራል። ስለዚህ 12 ቅጠል ተደርጎ እያንዳንዱ 16.7 ሳንቲሜትር ይሁን፣ ወይም 13 ተደርጎ 15.4 ይሁን። የቅጠሉን መነሻና መድረሻ ብቻ በነጥብ፣ አከርካሪውን ደግሞ በመስመር ማመልከት ይበቃል፤ ቅጠሉን እጅ ይሠራዋል። ጸሐፊዋ ምልክትን ወይ ሙሉ በሙሉ አድርጉ ወይ ተዉ የሚሉ ይመስላል፤ አብዛኛው ሥራ ግን የሚሠራው በዚህ መሃል ላይ ነው።

በካውያ የሚጠፋው እስክሪብቶ ለሁሉም ይበቃል ስለሚለው

ጸሐፊዋ የሚያወሩት የጃፓኑ ፓይሎት ስለሚሠራው ፍሪክሲዮን እና እሱን ስለሚመስሉት ነው። እነዚህ እስክሪብቶዎች የተሠሩት ለወረቀት ነው፤ ጫፋቸው ላይ ያለው ጎማ ወረቀቱን ሲፈትግ በሚፈጠረው ሙቀት ቀለሙ ይሰወራል። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በቀለሙ ውስጥ ያሉት ውሑዶች ይላቀቁና ከለር መስጠት ያቆማሉ። ይሰወራል ያልነው ሆን ብለን ነው፤ ቀለሙ ከጨርቁ አይወጣም፣ አይታይም እንጂ እዚያው አለ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን መመለስ ይጀምራል፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።

አዲስ አበባ ዙሪያ እንዲህ ያለ ብርድ የለም፤ ሱሉልታ በኅዳር ማለዳ ውርጭ ቢጥልም ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ችግሩ ያለው ሥራው ወደ ውጭ ሲሄድ ነው። በጥር ወር ካናዳ ወይም በአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች ለሚኖር ዘመድ የተላከ የአልጋ ልብስ ደጃፍ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አንድ ሌሊት ቢያድር የሳላችሁት መስመር በሙሉ ተመልሶ ሊጠብቀው ይችላል። መልሶ በካውያ ይጠፋል እርግጥ ነው፤ ለደንበኛ ግን እንዲህ ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ለማረጋገጥ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሥላችሁ፣ በካውያ አጥፍታችሁ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ የፍሪጅ በረዶ ቤት ውስጥ አሳድሩት። የቤት በረዶ ቤት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ መልሱን ጠዋት ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ጉዳት የሚታየው በጥቁር፣ በጠቆረ ሰማያዊና በደማቅ ቀይ ጨርቅ ላይ ነው። ቀለሙ ሲሰወር አንዳንድ ጊዜ ነጣ ያለ ጥላ ይቀራል፤ ሲታጠብም ላይለቅ ይችላል። ይህ ከጨርቅ ጨርቅ ስለሚለያይ ሳይሞከር አይታወቅም።

ሦስተኛው ያለ ጊዜው መጥፋት ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና መስታወት ሥር የተቀመጠ ጨርቅ ገና ሳይሰፋ ባዶውን ይገኛል። አራተኛውና ለእኛ አካባቢ የሚብሰው ደግሞ ካውያው ነው። መሃሉ የፖሊስተር ፋይበር ከሆነ፣ ለጥጥ ጨርቅ የሚሆን የካውያ ግለት ፋይበሩን አሟሽሾ እንደ ካርቶን ያደርቀዋል። ምልክቱን ለማጥፋት 60 ዲግሪ በቂ ሆኖ ሳለ የከሰል ካውያ ልክ የለውም፤ አመድም ያራግፋል። የግድ ከሆነ በላዩ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ካውያው ሳይጫን በላይ በላዩ ይለፍ። የፀጉር ማድረቂያ ካለ ከሁሉም ይሻላል።

ታዲያ አትጠቀሙበት አንልም። ነጭ ወይም ፈዛዛ ጥጥ ላይ፣ እዚሁ አገር ለሚቀር ሥራ፣ በቀጭን ጫፍ ሲሳልበት ከሁሉም የጠራ መስመር ይሰጣል። ለሁሉም ይበቃል የሚለው ነው ስሕተቱ።

ሰማያዊው ብዕር በሙቅ ውሃና በኦሞ ይለቃል ስለሚለው

ይህ በጽሑፉ ውስጥ ትልቁን ጉዳት የሚያደርስ ምክር ነው፤ ሠልጣኞች ይህን ክፍል እንዲሰርዙት እንመክራለን። በውሃ የሚጠፋ ሰማያዊ ብዕር የሚለቀው በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ነው። ሙቀት ጨርቁ ላይ ያስይዘዋል፤ ካውያ ከነካው ቡናማ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የዱቄት ሳሙናም ቀለሙ ሳይወጣ ከቀደመው ያስይዘዋል። በረኪና አይታሰብም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፣ ቀለሙ በሙሉ መውጣቱ ከተረጋገጠ በኋላ ሳሙና፣ ከደረቀ በኋላ ካውያ።

ጽሑፉ በሌላ ቦታ ደግሞ በመርጫ ትንሽ ውሃ ነፋ ነፋ ማድረግ ይበቃል ይላል። በአንድ ንብርብር ጨርቅ ላይ ይበቃ ይሆናል። ኩዊልት ላይ ግን ውሃው ቀለሙን ከላይ ጨርቁ አውርዶ ወደ ጥጡ ያስገባዋል። ለጊዜው ጠፋ ይባላል። ጥጡ ሲደርቅ ውሃው ወደ ላይ ሲመለስ ቀለሙንም ይዞት ይወጣል፤ በማግስቱ ቀጭኑ መስመር ሰፊ ሰማያዊ ደመና ሆኖ ይታያል። ይህን ያየች ጀማሪ በሳሙና ታሸዋለች፤ ያኔ ነገሩ ይባስ ይበላሻል። መድኃኒቱ መልሶ ሙሉ በሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር ነው።

መንከር ማለት ውሃ ማለት ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 የሆነ የሕፃን ልብስ በአንድ ጀሪካን፣ በ20 ሊትር፣ በትልቅ ሳፋ ውስጥ ይጠልቃል፤ ለማለቅለቅም ሌላ 20 ሊትር ያዙለት። 2 ሜትር በ2 ሜትር ከ20 የሆነ የአልጋ ልብስ መሃሉ ጥጥ ከሆነ ለመንከሩ ብቻ 40 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፣ ለማለቅለቁም ከዚያ አያንስም። ውሃው ጨርቁን ጠጥቶ በላዩም መትረፍ አለበት፤ ቀለሙ የሚሄድበት ቦታ የሚያገኘው ያኔ ነው። ለግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ ሳይጨመቅ ተነሥቶ ውሃው ይቀየራል። ውሃ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር እንግዲህ ሥራው የሚያልቅበትን ቀን ከውሃው ፈረቃ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። ተሠርቶ አልቆ ውሃ እየጠበቀ ሳምንታት የሚቀመጥ ምልክት ለመልቀቅ እያስቸገረ ይሄዳል። ውሃው እንደማይደርስ ከታወቀ ሰማያዊውን ብዕር አለማንሣት ይሻላል።

ወይን ጠጁን፣ በአየር የሚጠፋውን ብዕር ጽሑፉ ሁለት ቀን ይቆያል ብሎ አልፎታል። የሚቆይበት ጊዜ በአየሩ እርጥበት ይወሰናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭጋግ በሚወርድበት ሰፈር ጠዋት የሳላችሁትን ከሰዓት በኋላ ላታገኙት ትችላላችሁ። በደረቁ ወቅት፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ከተባለውም በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በክረምት በአንድ ቁጭታ የምትሰፉትን ያህል ብቻ ሳሉ። ከጠፋም በኋላ የቀለሙ ኬሚካል ጨርቁ ላይ ስላለ በውሃ ሳይለቀለቅ ካውያ አይነካው።

ክሩ ይሸፍነዋል ስለሚለው

ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን የሀበሻ ቀሚስ በመኪና የሚጠልፍ ሰው መስቀሉን በእስክሪብቶ ሲነድፍ፣ ከዚያም ያለምንም ችግር ሲሠራበት ይታያል። የመኪና ጥልፍም ቢሆን ጥርስ ወርዶ ጨርቅ በእጅ የሚነዳበት ሥራ ነውና ጸሐፊዋ ሁለቱን ማመሳሰላቸው አያስገርምም። ልዩነቱ ያለው በክሩ ብዛት ላይ ነው። ጥላፊው መርፌውን ግራና ቀኝ እያመላለሰ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጥቅጥቅ ያለ ክር ይከምራል፤ ከሥሩ ያለው የእስክሪብቶ መስመር ተቀብሮ ይቀራል። ኩዊልት ላይ የሚያልፈው አንድ ነጠላ ክር ነው። ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው፤ የእስክሪብቶው መስመር ከእሱ ይሰፋል። በዚያ ላይ በ1 ሳንቲሜትር ውስጥ 3 ወይም 4 ስፌት ብቻ ነው ያለው፤ በስፌትና በስፌት መካከል ክሩ ወደ ጥጡ ይሰምጣል፣ መስመሩ ደግሞ ከላይ ይቀራል። ከክሩ ግራና ቀኝ ሰማያዊ ጥላ ይታያል ማለት ነው።

የእስክሪብቶ ቀለም ዘይታማ ስለሆነ በውሃ አይለቅም። በአልኮል ቢነካ ይላላል፣ ነገር ግን ይሰራጫል፤ ከሥሩ ጥጥ ካለ ደግሞ ጥጡ ይመጠዋል። የቢሮ ካርቦን ወረቀትም ሰም ያለበት ነው፤ የተሳለው ብቻ ሳይሆን መዳፍ የተጫነበት ቦታ ሁሉ ይጠቁራል። ለልብስ ሰፊ የሚሠራ ሰም የሌለው፣ የጠመኔ ዓይነት ቀለም ያለው ካርቦን አለ፤ ከተገኘ ያ ይሆናል። ነጭ አቡጀዲ ላይ ጠቆር ያለ እርሳስ መጠቀምም ከዚሁ ይመደባል። ቀጭንና ጠንካራ እርሳስ በቀላል እጅ ካልሆነ በቀር ግራፋይት በቀላሉ አይታጠብም፤ ክሩንም ያቆሽሻል።

ምልክት ሁልጊዜ ከተያያዘ በኋላ ነው ስለሚለው

ሁልጊዜ የሚለው ቃል ባይኖር ኖሮ ባላነሣነው። ንድፉ ከወረቀት ላይ የሚገለበጥ ከሆነ ወረቀቱ ከጨርቁ ሥር መታየት አለበት፤ ጥጥና ገበር ከገባ በኋላ ደግሞ ምንም አይታይም። ስለዚህ የሚገለበጥ ንድፍ የላይ ጨርቁ ለብቻው ሳለ፣ በመስኮት መስታወት ላይ በፕላስተር ተለጥፎ በቀን ብርሃን ይሳላል። መብራት በሌለበትም ይሠራል። ጨርቁ እንዳይንሸራተት ቀለል ያለ አሚዶ ቢደረግበት እርሳሱ አይጎትተውም፤ በኋላ ከምልክቱ ጋር አብሮ ይታጠባል።

ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ የዳር ክፍፍልና በማስመሪያ የሚሠራ አራት ማዕዘን ሁሉ ግን ከተወሰወሰ፣ ማለትም ሦስቱ በረጃጅም ስፌት ለጊዜው ከተያያዙ በኋላ ቢሰመር ይሻላል፤ እዚህ ላይ ጸሐፊዋ ልክ ናቸው። ሦስቱ ሲያያዙ የላይኛው ጨርቅ ትንሽ ይጎተታልና ቀድሞ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ይጎብጣል። መወስወሱ ራሱ በየ10 ሳንቲሜትሩ ካልሆነ ጥጡ ከመርፌው ፊት ለፊት ይሰበሰባል፣ ምልክቱም አብሮ ይሸሻል። የላይ ጨርቁ ከሚፈለገው በየጎኑ 5 ሳንቲሜትር፣ ገበሩ ደግሞ በየጎኑ 10 ሳንቲሜትር ይትረፍ። ስፌቱ ራሱ ይሰበስበዋል፤ የጥጥ መሃልም በመጀመሪያው አጠባ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊገባ ይችላል። ጨርቁን ቀድሞ ያላጠበች ሰው የመጨረሻ ልኳን ከአጠባ በፊት ለደንበኛ ባትናገር ይመረጣል።

ጠመኔና ሳሙና ያለፈበት ነው ስለሚለው

በተቃራኒው ለጥቁርና ለደማቅ ጨርቅ፣ ለውሃ እጥረትና ለመብራት መጥፋት ከእነዚህ የሚሻል የለም። የጸሐፊዋ ቅሬታ ጠመኔ ቶሎ ይረግፋል የሚል ነው። ይረግፋል። ለዚህም ነው በአንድ ጊዜ ሙሉውን የአልጋ ልብስ በጠመኔ መሳል የማይገባው። እጅ የሚሸፍነውን 30 ሳንቲሜትር ያህል ሥሎ፣ ያንን ሰፍቶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። ነጭ ጠመኔ ብቻ ይሁን፤ ባለቀለሙ ጠመኔ ጥጥ ላይ ከገባ ሊያቀልም ይችላል። ሰም ያለበት የሰፊ ጠመኔ ደግሞ በካውያ ሲነካ ቀልጦ ይጠፋል፣ ፖሊስተር ያለበት ጨርቅ ላይ ግን የቅባት ነጥብ ሊተው ይችላል።

ያለቀ የገላ ሳሙና ስባሪ እንዲደርቅ ይተውና ጫፉ በቢላ ይሳላል። ቀጭን መስመር ይሰጣል፣ ከጠመኔ ይልቅ ይቆያል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል። ቅባት ወይም ሎሽን ያለበት ሳሙና ግን አይሆንም፤ ሲተኮስ ቅባቱ ጨርቁ ላይ ይቀራል።

ተደጋጋሚ ንድፍ በጠመኔ ለማውጣት ጥሩው መንገድ የተበሳ ወረቀት ነው፤ ጽሑፉ አለማንሣቱ ይገርማል። ንድፉ በጠንከር ያለ ወረቀት ላይ ይሳላል፤ ከሥሩ ሦስት አራት ባዶ ወረቀት ይደረባል። ከመኪናው የላይም የታችም ክር ይወጣና አሮጌ 90 ቁጥር መርፌ ይገጠማል። ስፌቱ ወደ 2 ሚሊሜትር ተደርጎ በመስመሩ ላይ ይኬዳል፤ ጠመዝማዛው ቦታ ላይ ጥርሱ ወርዶ በእጅ ይነዳል። ከዚህ በጠበበ ወረቀቱ እንደ ቴምብር ይቀደዳል፣ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ደግሞ ነጥቦቹ ተራርቀው ጥምዝምዙ አይነበብም። መርፌው የወጣበት ጀርባ ሻካራ ስለሚሆን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ይታሻል፤ ይህ ከተዘለለ የወረቀቱ ብናኝ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ዱቄቱም አያልፍም። ነጭ ጠመኔ ተወቅጦ፣ በስስ ጨርቅ ተነፍቶ፣ በሁለት ድርብ ፋሻ ይቋጠራል። ወረቀቱ በጨርቁ ላይ በስፒል ተይዞ በቋጠሮው መታ መታ ይደረጋል። ማሸት አያስፈልግም፤ ዱቄቱን ከወረቀቱ ሥር ያስገባውና መስመሩ ይደበዝዛል። ወረቀቱ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ ወደ ጎን ከተጎተተ ሥራው ሁሉ ይጠረጋል። ነጥቦቹ ወዲያው በሳሙና ስባሪ ቢያያዙ መኪናው ሲንቀጠቀጥ አይጠፉም። አንዱ ወረቀት አንድ ሙሉ የአልጋ ልብስ ያወጣል፤ ከሥሩ የተደረበው ለሚቀጥለው ይሆናል።

ከዚህም የቀለለ አለ። የቀንድ ማንኪያ እጀታ ወይም ስለት የሌለው የቢላ ጀርባ በማስመሪያ ጠርዝ ጠበቅ ተደርጎ ቢሳብ አንድ ወጥ ቀለም ባለው የጥጥ ጨርቅ ላይ የሚያብረቀርቅ እጥፋት ይተዋል። ውሃም ካውያም አይፈልግም። ባለአበባ ጨርቅ ላይ አይታይም፣ በፖሊስተርም ላይ ቶሎ ይነሣል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ስለሚታይ መኪናው መስኮቱን በጎኑ አድርጎ ይቀመጥ።

ስለ ወረቀት ስፌት ጽሑፉ አንድ አንቀጽ ብቻ ሰጥቷል፤ ንድፍ የተሳለበትን ወረቀት ከጨርቁ በላይ አጣብቆ፣ በመስመሩ ላይ ሰፍቶ፣ ወረቀቱን መቅደድ ነው ይላል። ይሠራል፣ ግን ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ወይም በእስክሪብቶ ከተሳለ መርፌው ቀለሙን ወደ ነጭ ክር ይዞት ይወርዳል። ስፌቱ ከ2 ሚሊሜትር ተኩል በላይ ከሆነ ወረቀቱ ሲቀደድ ክሩ ይላላል። ጥቅጥቅ ያለ ቦታ ላይ የሚቀረውን ቁርጥራጭ መልቀምም የሰዓታት ሥራ ነው።

የትኛውም ይመረጥ፣ መጀመሪያ ፈተና ይደረግ። ከዚያው ከላይ ጨርቅ፣ ከዚያው ጥጥና ገበር 20 ሳንቲሜትር ካሬ ቁራጭ ተወስዶ ይሰፋ፣ በሁሉም መሳያ ይሰመርበት፣ ለአራት ይቆረጥ። አንዱ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፣ አንዱ በካውያ ብቻ፣ አንዱ በምታጥቡበት ሳሙና ይሞከር፤ አራተኛው ሳይነካ ሥራው የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ቆይቶ ይታጠብ። ብዙውን ጊዜ ክፉውን ነገር የሚናገረው አራተኛው ነው።

የወጣ ስፌት ሁሉ ይፈታ ስለሚለው

መስመሩ ሲታጠብ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ስፌቱ በ2 ሚሊሜትር መውጣቱን የሚያውቅ የለም። መፈታት ያለበት ጥምዝምዙ ማዕዘን ሲሠራ፣ ሁለት መስመሮች መገናኘት ሲገባቸው ሳይገናኙ ሲቀሩ፣ ወይም ክር ከሥር ሲከመር ነው። ከመፍታት በፊት ግን ምክንያቱ ይታይ። ስፌት ከመስመር የሚወጣው ብዙ ጊዜ ዐይን መርፌውን ስለሚያይ ነው፤ መታየት ያለበት ከመርፌው 1 ወይም 2 ሳንቲሜትር ፊት ያለው መስመር ነው። የአልጋ ልብሱ ክብደት ከጠረጴዛው ጠርዝ ተንጠልጥሎ ከሆነም ይጎትታል፤ በግራም በኋላም ወንበር ይደገፍበት። መዳፉ ላይ የላስቲክ ነጠብጣብ ያለው የሥራ ጓንት ጨርቁን ሳይጨብጡ ለመንዳት ያስችላል። ከሥር ክር ሲከመር ደግሞ መጀመሪያ እግሩ መውረዱን እዩ፤ ለነጻ ስፌት የሚገጠመው እግር የወረደ ሳይመስል ከፍ ብሎ ስለሚቆም ማውረዱ ይረሳል፣ ክሩም ሳይወጠር ይለቀቃል።

ሲፈታ ከገበሩ በኩል በየሦስት አራት ስፌቱ ክሩ ይቆረጥና የላይኛው ክር በአንድ ጊዜ ይሳባል። እያንዳንዱን ስፌት ከላይ በመፍቻ መንቀል ጨርቁን ያሳሳዋል። የሚቀረው ቀዳዳ በእርጥብ ጣት ተነክቶ በጥፍር ከግራና ከቀኝ ሲሰበሰብ ይዘጋል፤ ሰማያዊው መስመር ገና የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ግን ውሃው አብሮ ስለሚያጠፋው ለመጨረሻው አጠባ አቆዩት።